ተገድሎ የማያልቅ ጉርጥ፦ አውስትራሊያ መጤውን እንስሳ የምትቋቋመው እንዴት ነው?

የአውስትራሊያው ጉርጥ በዜና በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል፦ «ታዲያ ለምን ሰብስበው አይጨርሱትም?» የሚጠይቀው ሰው አይፈረድበትም። አገሪቱ ሀብታም ናት፣ ተመራማሪ ሞልቷታል፣ ሕዝቡም ጉርጡን አምርሮ ይጠላዋል። በጎ ፈቃደኞች ባትሪና ባልዲ ይዘው ሌሊት እየወጡ ይለቅሙታል። ሆኖም ቁጥሩ ከ200 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ዛሬም ወደ ምዕራብ እየገሰገሰ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው «ጨርሰን እናጠፋዋለን» ማለት ካቆሙ ቆይተዋል። አሁን የያዙት ሌላ ሥራ ነው፤ ሥራውን ለመረዳት ግን ጉርጡ እንዴት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚገድልና እንዴት እንደሚራባ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማን አመጣው?

የአገዳ ጉርጥ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ራይኔላ ማሪና፣ የትውልድ አገሩ ከደቡብ ቴክሳስ ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካ አልፎ እስከ አማዞን ድረስ ነው። አውስትራሊያ እንቁራሪት እንጂ ከጉርጥ ወገን የሆነ አገር በቀል እንስሳ አልነበራትም። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1930ዎቹ በሰሜን ምሥራቋ ኩዊንስላንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች በጥንዚዛ ተማረው ነበር። የጥንዚዛዋ እጭ አፈር ውስጥ ሆኖ የአገዳውን ሥር ይበላል። ጉርጡ በፖርቶ ሪኮና በሃዋይ የአገዳ እርሻዎች ላይ ተለቆ ስለነበር ስሙ በስኳር ሰዎች ዘንድ ገነነ። በኩዊንስላንድ የስኳር ምርምር ተቋም ባልደረባ የነበረው ሬጂናልድ መንጎመሪ በ1935 ወደ ሃዋይ ሄዶ 100 ያህል ጉርጦች ይዞ ተመለሰ። በኬርንስ ከተማ አቅራቢያ ጎርደንቬል በሚባል ቦታ እንዲራቡ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 2,400 ያህል ወጣት ጉርጦች በአገዳ እርሻዎቹ አካባቢ ተለቀቁ።

ዋልተር ፍሮጋት የሚባል ጡረታ የወጣ የነፍሳት ተመራማሪ አጥብቆ ተቃወመ። ጉርጡ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ እንስሳ ስለሆነ ራሱ ሌላ መቅሰፍት ይሆናል አለ። መንግሥትም ለጥቂት ወራት መልቀቁን አገደ፤ ነገር ግን ከስኳር ኢንዱስትሪው በመጣ ግፊት እገዳው በ1936 ተነሳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ጉርጡ ጥንዚዛውንም አልበላም። እጩ የሚኖረው ከመሬት በታች ነው፤ ጉርጥ ቆፍሮ አያወጣውም። አዋቂዋ ጥንዚዛ ደግሞ ከአፈር ወጥታ ትበራለች፤ የምትውለው ከፍ ብሎ ቅጠል ላይ ነው። ጉርጥ ዛፍ አይወጣም። ጥንዚዛውን በመጨረሻ የገታው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጣው ፀረ ተባይ ኬሚካል ነው። ይህን ሁሉ ሰው ጥንዚዛዋን ጥቂት ሌሊት ቁጭ ብሎ በማየት ብቻ ሊደርስበት ይችል ነበር፤ እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ፍጥረት «መጤ ወራሪ ዝርያ» ይባላል፦ ሰው ከትውልድ ቦታው አውጥቶ ሌላ አገር ያደረሰው፣ እዚያም ተቆጣጣሪ አጥቶ የተስፋፋና ጉዳት የሚያደርስ ማለት ነው። እኛም ጣና ላይ እምቦጭን፣ አፋር ውስጥ ፕሮሶፒስን እናውቃለን። ለጉርጡ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ፕሮሶፒስ ነው፤ እሱም የገባው አፈር ይጠብቃል፣ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ፣ ታስቦበት ነበርና።

ጉርጥ እንዴት አዞ ይገድላል?

ሳይነክስ፣ ሳይናደፍ፣ በመበላት ብቻ። ከትከሻው በላይ ግራና ቀኝ ሁለት ያበጡ እጢዎች አሉት። ሲያዝ ወይም ሲነከስ ከእጢዎቹ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። መርዙ የሚያጠቃው ልብን ነው፤ የልብን አመታት ያዛባና ያቆማል። እንቁላሉም፣ ከእንቁላል ወጥቶ ውሃ ውስጥ በጭራው የሚዋኘው ታድፖልም መርዛማ ናቸው።

በደቡብ አሜሪካ አብረውት የኖሩ እባቦችና ሌሎች አዳኞች ይህን መርዝ በረዥም ዘመን ለምደውታል። የአውስትራሊያ እንስሳት ግን ከጉርጥ ወገን አንድም አያውቁም ነበር። አርጃኖ ጉርጡን ሲያይ የሚታየው እንቁራሪት ነው፤ እንቁራሪት ደግሞ ምግብ ነው። ትላልቆቹ አርጃኖዎች ጉርጡ በደረሰባቸው አንዳንድ ቦታዎች ከ90 በመቶ በላይ አልቀዋል። በሰሜኑ ቪክቶሪያ ወንዝ ላይ የጣፋጭ ውሃ አዞ ቁጥር በአንዳንድ ስፍራዎች እስከ 77 በመቶ ወርዷል። ሰሜናዊው ኩዎል፣ ድመት የሚያክልና ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣ እንደ ካንጋሮ የከረጢት ወገን የሆነ ሥጋ በል፣ በ2001 ጉርጡ ወደ ካካዱ ብሔራዊ ፓርክ ከገባ በኋላ ከብዙው የፓርኩ ክፍል ጠፋ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሁሉንም ጨረሰ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ወሬው ከእውነቱ ቀድሞ ይሮጣል። ጉርጡ ብቻውን ከምድረ ገጽ ያጠፋው የአውስትራሊያ ዝርያ እስካሁን አልተመዘገበም። ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው የጉርጡ ማዕበል መጀመሪያ በሚያርፍበት ጊዜ ነው፤ ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹ እንስሳት ያንሰራራሉ። ብዙ ወፎች መርዙ እምብዛም አይጎዳቸውም፤ ጭልፊቶች መንገድ ላይ የተዳጠ ጉርጥ ምላሱን ብቻ በልተው ይሄዳሉ። ቁራዎች ደግሞ በጀርባው ገልብጠው በሆዱ በኩል ይበሉታል።

ከሁሉ የረቀቀው ግን የውሃ አይጡ ነው። በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ በሚባለው ክልል፣ አንድ ጅረት ዳር ተመራማሪዎች በየማለዳው የተቀደዱ ትላልቅ ጉርጦች ያገኙ ጀመር። ደረታቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ልባቸውና ጉበታቸው ወጥቷል፤ መርዛማ ጨው የያዘው የሐሞት ከረጢት ሳይነካ ከሬሳው ውጭ ተትቷል። ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ የእግራቸው ቆዳ ተገፍፎ ሥጋው ተበልቷል። አይጡ መርዙ የት የት እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። ያውም ጉርጡ እዚያ ቦታ ከደረሰ ገና ጥቂት ዓመት ነበር።

የውሃ አይጥ፣ ቁራና ጭልፊት መኖራቸው ግን የጉርጡን ቁጥር አልቀነሰም። ምክንያቱ ስሌት ነው።

ለምን ለቅሞ መጨረስ አይቻልም?

አንዲት ሴት ጉርጥ በአንድ ጊዜ ከ8,000 እስከ 30,000 እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ሁሉ ሁለቱ ብቻ አድገው ቢራቡ ወላጆቻቸውን ተኩ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። የቀረው ሁሉ ድሮም የሚሞት ነበር። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ከአንድ ኩሬ ዙሪያ ከአስር ዘጠኙን አዋቂ ጉርጥ ቢለቅሙ እንኳ፣ አንዲት የተረፈች እናት በአንድ ሌሊት የምትጥለው እንቁላል ክፍተቱን ለመሙላት ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም የሚሻማቸው ስለቀነሰ፣ የሚፈለፈሉት ይበልጥ ተመችቷቸው ያድጋሉ። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ለቀማው ጨርሶ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ትንሽ ደሴት ላይ ወይም ጉርጡ ገና በመጣበት ሰፈር፣ ሳይቋረጥ ከተሠራ ውጤት አለው። በጎልፍ ዱላና በክሪኬት ባት መደብደቡ ግን ጭካኔ ብቻ ነው፤ በጨለማ ብዙ ጊዜ የሚመታው ምንም ያላጠፋ አገር በቀል እንቁራሪት ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ጉርጡ ራሱ እየተለወጠ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት በዓመት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ የነበረው የወረራው ግንባር አሁን በሰሜኑ በዓመት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በ1984 ወደ ሰሜናዊ ግዛት ተሻገረ፣ በ2005 ዳርዊን ደረሰ፣ በ2009 ምዕራብ አውስትራሊያ ገባ። ተመራማሪዎቹ እነ ሪክ ሻይንና ቤን ፊሊፕስ በ2006 እንዳሳዩት፣ ከፊት የሚሄዱት ጉርጦች ከኋላ ካሉት ይልቅ እግራቸው ረዘም ያለ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግንባሩ ላይ የሚገናኙት ፈጣን ከፈጣን ስለሆኑ ልጆቻቸውም ፈጣን ይሆናሉ። ፍጥነቱ ግን በነጻ አልመጣም፦ በግንባሩ ካሉት ትላልቅ ጉርጦች ላይ የአከርካሪ መገጣጠሚያ በሽታ ተገኝቷል።

ጉርጡ ካልጠፋ፣ የሚበሉትን ማዳን ይቻላል?

የዛሬው ትልቁ ሥራ ይህ ነው። መነሻው አንድ ቀላል ምልከታ ነው፦ ከግንባሩ ቀድመው የሚደርሱት ረዥም መንገድ የተጓዙ ትላልቅ አዋቂዎች ናቸው። ትልቅ ጉርጥ ብዙ መርዝ ይይዛል፤ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ገዳይ ናት። የሞተ አርጃኖ ደግሞ አይማርም። ትናንሾቹ ቀድመው ቢመጡስ? ትንሽ ጉርጥ የበላ አርጃኖ ያስመልሰዋል፣ ይታመማል፣ ግን ይድናል። ከዚያ በኋላ የጉርጥ ሽታ ሲደርሰው ይሸሻል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች በኪምበርሊ ግንባሩ ከመድረሱ በፊት ትናንሽ ጉርጦችን ለአርጃኖዎች አቀረቡ። «አስተማሪ ጉርጦች» ይሏቸዋል። ማዕበሉ ሲመጣ ያልሰለጠኑት አርጃኖዎች አለቁ፤ ከሰለጠኑት ግን ቀምሰው የሸሹና የቆዩ ነበሩ። ሰው በገዛ እጁ ጉርጥ መልቀቁ ብዙዎችን ያስደነገጠ ሐሳብ ነበር። መልሱ አጭር ነው፦ የሚለቀቁት ጉርጡ በጥቂት ወራት ውስጥ መድረሱ በማይቀርበት ቦታ ብቻ ነው፤ የሚጨምሩት ነገር ከሚያተርፉት ጋር አይወዳደርም።

ለኩዎል ደግሞ ቋሊማ ተሠራ። የተፈጨ የጉርጥ ሥጋ ላይ ማቅለሽለሽ የሚያመጣ የትል መድኃኒት ይጨመርበታል፤ የጉርጥ ሥጋው መርዛማ ክፍሉ የወጣለት ነው። ኩዎሉ ይበላል፣ ሆዱ ይገለበጣል፣ ጥፋተኛው የጉርጥ ሽታ መሆኑን ይይዛል። በአዞዎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ተሠርቷል። በኪምበርሊ ገደሎች ውስጥ የቡኑባ ሕዝብ የተፈጥሮ ጠባቂዎች ከማኳሪ ዩኒቨርሲቲና ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ መርዙ ወጥቶ የሚያቅለሸልሽ ኬሚካል የገባበት የጉርጥ ሬሳ በወንዙ ዳር እያንጠለጠሉ አዞዎቹን አጎረሱ። ከዚያ ወዲህ የአዞዎቹ ሞት እጅግ ቀነሰ።

ትምህርቱ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል ወይ የሚለው አሁንም ይጠናል። ከአንዳንድ የኩዊንስላንድ ቦታዎች ከጉርጥ ጋር ለአሥርት ዓመታት ኖረው የተረፉ ኩዎሎች ልጆች፣ ጉርጥ አይተው ሳያውቁ ጉርጥን ይሸሻሉ። ይህ ጠባይ በዘር የሚወረስ ከሆነ፣ ከእነሱ ወደሌሎች ማዳቀል ይቻላል ማለት ነው።

ቀደም ብሎ የተሞከረው ሌላ መንገድ ማሸሽ ነበር። በ2003 ወደ 60 የሚጠጉ ኩዎሎች ከጉርጥ ነጻ ወደሆኑ ሁለት ደሴቶች ተወሰዱ። በጥቂት ዓመታት በሺዎች ተባዙ። ችግሩ የመጣው ሲመለሱ ነው፦ ደሴቱ ላይ የሚያድናቸው ስላልነበረ ትውልዱ ዲንጎ የሚባለውን የዱር ውሻ መፍራት ረስቶ ነበር። ጉርጥ እንዳይበሉ የሰለጠኑት ኩዎሎች በዲንጎ ጥርስ አለቁ።

በኩሬው ውስጥስ ምን ይደረጋል?

የጉርጡ ደካማ ጎን ያለው እዚህ ነው፤ ያሳየውም ራሱ ጉርጡ ነው። በአውስትራሊያ ታድፖሎቹ እርስ በርስ ይበላላሉ። አንዲት እናት አዲስ እንቁላል ስትጥል፣ ቀድመው የተፈለፈሉት ታድፖሎች በእንቁላሉ ሽታ ተስበው መጥተው ይበሉታል። በኋላ የምግብ ተሻሚ እንዳይሆኗቸው ነው። ይህ ልማድ በደቡብ አሜሪካ ካሉት ዘመዶቻቸው ይልቅ በአውስትራሊያዎቹ ላይ እጅግ ጠንክሮ ተገኝቷል፤ ሌላ ጠላት በሌለበት ጉርጥ ለጉርጥ ጠላት ሆነ።

ታድፖሎቹን የሚስበው ከእንቁላሉ የሚወጣ መርዝ ነው፤ ተመሳሳዩ መርዝ በአዋቂው እጢ ውስጥም አለ። ስለዚህ ከሞተ ጉርጥ እጢ ማባበያ ይሠራል። ማባበያው አፉ ጠባብ በሆነ ወጥመድ ውስጥ ገብቶ ኩሬው ላይ ሲቀመጥ የጉርጥ ታድፖሎች እየተግተለተሉ ይገባሉ፤ የአገር በቀል እንቁራሪት ታድፖሎች ግን አይመጡም። በአንድ ኩሬ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ሊያዙ ይችላሉ። ዘዴው ከላቦራቶሪ ወጥቶ በማኅበረሰብ ቡድኖች እጅ ገብቷል። ለእኔ ከለቀማው ሁሉ ይህ ይሻላል፤ ጉርጡን ኩሬውን ሳይለቅ ነውና የሚይዘው። ግን ኩሬ በኩሬ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ከተማና መንደር ያድናል እንጂ አህጉር አያድንም።

ከውሃው ገና የወጡትን ደግሞ ሥጋ በል ጉንዳኖች ያጠቋቸዋል። የአገሩ እንቁራሪት ጉንዳን ሲያይ ዘሎ ያመልጣል፤ ትንሹ ጉርጥ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተመራማሪዎች ኩሬ ዳር የድመት ምግብ በመበተን ጉንዳኖቹን ወደዚያ መሳብ እንደሚቻል አሳይተዋል።

ውሃ መከልከል ሲባል ምን ማለት ነው?

ጉርጥ ውሃ የሚወስደው በአፉ ሳይሆን በሆዱ ቆዳ በኩል ነው፤ በደረቅ ወቅት በየጥቂት ቀኑ ርጥብ ቦታ ካላገኘ ይሞታል። ይህ እንስሳ በረሃማውን ሰሜን ሊሻገር የቻለው ከብት አርቢዎች ከከርሰ ምድር ውሃ እያወጡ በቆፈሯቸው የአፈር ግድቦች ምክንያት ነው። ከግድብ ወደ ግድብ እያረፈ ይጓዛል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ግድቦችን በጉርጥ በማይዘለል ዝቅተኛ አጥር ከበቧቸው፤ ጉርጦቹ አጥሩ ሥር ደርቀው ተገኙ።

አሁን ይህ ሐሳብ በትልቁ የሚሞከርበት ቦታ በምዕራብ አውስትራሊያ በኪምበርሊና በፒልባራ መካከል ነው። እዚያ ታላቁ አሸዋማ በረሃ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ስለሚቀርብ፣ ጉርጡ የሚያልፍበት ያለው ጠባብ የጠረፍ መተላለፊያ ብቻ ነው፤ በመተላለፊያው ላይ ደግሞ በደረቅ ወቅት የሚቆይ የተፈጥሮ ውሃ እምብዛም የለም። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ 100 ያህል ሰው ሠራሽ የውሃ ቦታዎችን ጉርጥ እንዳይደርስባቸው ማድረግ ከተቻለ ከ260,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ይድናል። ከብቶቹ አይጠሙም፤ የአፈሩ ግድብ በታንከርና በከፍተኛ ገንዳ ይተካል፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይጠገናል። የአካባቢው ባለርስት የሆኑት የካራጃሪና የኒያንጉማርታ ሕዝቦች የእቅዱ አካል ናቸው። አስቸጋሪው ነገር አንድ ነው፦ አንድ የተረሳ የሚያፈስ ቧንቧ መስመሩን ይከፍተዋል። ሥራው አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ የሚጠበቅ ነው።

ቫይረስ ወይም የዘረመል መፍትሔ የለም?

አውስትራሊያ በ1950 ጥንቸልን በቫይረስ ቀንሳ ስለነበር ለጉርጡም ተሞክሯል። ከደቡብ አሜሪካ የተገኙ ቫይረሶች ግን የአገሩን እንቁራሪቶችም ስለገደሉ ተተዉ። አሁን ተስፋ የሚደረገው ዘረመልን ማስተካከል ላይ ነው። በማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ታድፖል ሆነው የሚቀሩ፣ ፈጽሞ ወደ ጉርጥነት የማይለወጡ ታድፖሎች ተፈጥረዋል። ሐሳቡ ኩሬ ውስጥ ቢለቀቁ አያድጉም፣ አይራቡም፣ ግን በውሃው ውስጥ እየኖሩ የሚጣለውን የጉርጥ እንቁላል ይበላሉ የሚል ነው። ሥራው በላቦራቶሪ ያለ ነው፤ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከ1935ቱ ችኮላ በኋላ አገሪቱ እንስሳ ለመልቀቅ ብዙ መጠየቋ አይገርምም።

ግቢዬ ውስጥ ባገኝስ?

ብሪስቤንና ዳርዊን ለሚኖሩ አንባቢዎች ይህ ጥያቄ የየዕለት ነው። መጀመሪያ መለየት፦ የአገዳ ጉርጥ ከዓይኖቹ በላይ ተነስቶ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚገናኝ አጥንታማ ሸንተረር፣ ከትከሻው በላይ ሁለት ትላልቅ እጢዎች፣ ደረቅና ሸካራ ቆዳ አለው። ጣቶቹ ጫፍ ላይ መለጠፊያ የለም፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያገኛችሁት ጉርጥ አይደለም። እንቁላሉ በረዥም ጥርት ባለ ዝልግልግ ክር ውስጥ የተደረደሩ ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው፤ ከውሃው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይበቃል።

በእጅ ከነካችሁት ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን አትሹ። ሳያሠቃዩ ለመግደል ብዙ ተመራማሪዎች የሚመክሩት መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ማቀዝቀዝ፣ ሲደነዝዝ ደግሞ ወደ ፍሪዘር መውሰድ ነው። ውሻችሁ ነክሶት ምራቁ ከበዛ፣ ድዱ ከቀላ ወይም ከተንቀጠቀጠ አፉንና ድዱን በርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉ፤ በቱቦ ውሃ ወደ ጉሮሮው አትልቀቁ፣ መርዙን ያስውጠዋል። ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ጉርጥ ባልደረሰበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በፐርዝ ወይም በሜልበርን፣ አንድ ካያችሁ ፎቶ አንሱና ለክፍለ ሀገሩ የግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ አሳውቁ። እዚያ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን በመጣ የጭነት መኪና ወይም የካምፕ ዕቃ ውስጥ ተደብቀው የደረሱ ናቸው።